የቤተሰብ ወግ በአራዳ፦ የአፍ ታሪክ ጨዋታ በመሀል አዲስ አበባ

በአራዳና በአካባቢው ባሉ ነባር ሰፈሮች፣ ማለትም በዶሮ ማነቂያ፣ በእሪ በከንቱ፣ በሰራተኛ ሰፈርና በደጃች ውቤ ሰፈር፣ የቤተሰብ ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሻገር የኖረው በጨዋታ ነው። ቡና ሲፈላ ይወራል፣ የማኅበር ጽዋ ሲጠጣ ይወራል፤ ከሁሉ በላይ ግን የሚወራው ልቅሶ ቤት ነው። እድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ አንድ አዛውንት ስለ ሟች አያት የሚያጫውቱት ነገር በየትኛውም መጽሐፍ አይገኝም።

ጨዋታው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጀመራል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ስለማይጋቡ፣ ዘር መቁጠር ለትዳር የግድ ነው። ይሁንና የአራዳ ሰው ዘመዴ የሚለው በደም የሚገናኘውን ብቻ አይደለም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ፣ የክርስትና እናቷ ከወላጆቿ ጋር አበልጅ ትሆናለች፤ አበልጅነት ደግሞ ከሥጋ ዝምድና አያንስም። ከመንዝ የመጣና ከጉራጌ አገር የመጣ ቤተሰብ አጥር ተጋርቶ ሲኖር የተዛመደው በዚህ መንገድ ነው።

ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1879 እስከ ጣሊያን ወረራ ያለውን ዘመን፣ አድዋ የዘመተ አያት ያለው ቤት ያነሳዋል፤ ሌላው ብዙም አያወራውም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ግን የማይነሳበት ቤት ጥቂት ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ፣ ከተማው ሦስት ቀን ሙሉ ተጨፈጨፈ፣ ቤቶችም ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። የሟቾቹ ቁጥር በኢትዮጵያ በኩል 30,000 ይባላል፤ ዝቅ የሚያደርጉት የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። በቤተሰብ ወግ ውስጥ ግን የሚቆጠረው በስም ነው፦ ከቤት የወጣው ወንድም፣ ሕፃን አዝላ ወንዝ ለወንዝ የሸሸችው አክስት፣ በሩን ከፍቶ የደበቀው ጎረቤት። ዛሬም በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር የመታሰቢያው ዕለት ሲከበር፣ አያቱን በልቡ ይዞ የሚመጣ አለ።

ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ባለቤትና ተከራይ በአንድ ግቢ የቀበሌ ጎረቤታሞች ሆኑ። ጊዜው ለብዙዎች መራራ ነበር። ያም ሆኖ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የተጋሩ ልጆች እስከ ዛሬ እህት ወንድም ይባባላሉ።

ስለ ቀይ ሽብር የሚወራው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ልጃቸው ተገድሎ እንዳያለቅሱ የተከለከሉ እናቶች ለዓመታት ዝም ብለዋል። በመስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለዚህ ዝምታ አንደበት ሆኖለታል፤ ጎብኚዎችን ሲያስጎበኙ የኖሩት ራሳቸው ከእስር የተረፉ ሰዎች ናቸው።

ወጉን የሚያነሳሳው ዋናው ነገር አልበም ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቆረጠ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከፕላስቲኩ ይወጣል፤ ጀርባው ላይ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም «ለማይረሳ ወዳጄ መታሰቢያ» ተብሎ ተጽፏል። እማማ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ፎቶውን ወደ መስኮቱ ያስጠጉና ከዳር ጀምረው በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ፦ ይቺ አበልጄ፣ ይሄ ጎረቤታችን፣ ይቺ ያላገባችው። ወግ አዋቂ የሚባለው ሰው ስም ብቻ አይነግርም፤ ማን ከማን እንደተኳረፈና በማን ሽምግልና እንደታረቀም ያውቃል።

ከ2016 ወዲህ የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ተበተነ። ብዙ ወግ ሳይቀዳ ከግቢው ጋር መሄዱ ያንገበግባል፤ በእጁ ስልክ ያለው የልጅ ልጅ ዛሬውኑ አያቱን ማስቀዳት ይገባዋል። ነባር እድራቸውን ያልለቀቁ አሉ፤ ታክሲ ቀይረው መጥተው ወርኃዊውን ይከፍላሉ፤ ዳኛው ስም እየጠራ ደብተሩ ላይ እስኪያሰፍር ድረስም እርስ በርስ «እናትሽ ደህና ናቸው? ያ ትንሹስ ልጅ አገባ?» ይባባላሉ።