የቲቢ ባክቴሪያ ጉልበቱን ከየት ያመጣል?

የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቀርፋፋ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል። የቲቢው አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ሕክምናው ለምን ወራት እንደሚወስድ ለመረዳት አንዱ መንገድ አመጋገቡን ማየት ነው።

ከአየር ጋር ሳንባ ሲገባ ማክሮፋጅ የተባሉ ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል። ሥራቸው የዋጡትን መፍጨት ነው። እሱ ግን በቀላሉ አይፈጭም፤ እዚያው ጎጆ ይቀልሳል። በዋናነት የሚበላውም የእኛኑ ስብና ኮሌስትሮል ነው። ስቡን ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጭ እያደረገ ይከትፈዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቁራጩ ሕዋሳት ምግብን አቃጥለው ጉልበት በሚያወጡበት በተለመደው መንገድ፣ በክሬብስ ዑደት፣ ከሄደ ሁለት ካርቦን ገብቶ ሁለት ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል። ጉልበት ይገኛል፤ ለአካል መገንቢያ ግን የሚተርፍ የለም። ስለዚህ አይሶሲትሬት ላይኤዝ በተባለ ኢንዛይም አቋራጭ ይይዛል። ካርቦን የሚባክንባቸውን ሁለት ደረጃዎች ይዘላል። የሰው ሕዋስ ይህ አቋራጭ ስለሌለው ለመድኃኒት ምርጥ ዒላማ ይመስላል። እንዳሰቡት ግን ቀላል አልሆነም፤ በዚህ በኩል ለሕሙማን የደረሰ መድኃኒት የለም።

ዋናው ጉልበት የሚመነጨው ከባክቴሪያው ሽፋን ላይ ነው። በሽፋኑ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ከምግቡ የተገኙ ኤሌክትሮኖችን እየተቀባበሉ ኦክስጅን ዘንድ ያደርሳሉ። በዚህ መሃል ፕሮቶኖች ወደ ውጭ ይገፋሉ። ሲመለሱ፣ ውሃ ወፍጮን እንደሚያዞር፣ ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ያሽከረክራሉ። የሚፈጨው ዱቄት ኤቲፒ ነው፤ ሕዋስ ለሥራው የሚጠቀምበት የጉልበት ሞለኪውል ማለት ነው። ኢ. ኮላይ ይህ ወፍጮ ቢቆምበት ስኳር አብላልቶ ይኖራል። የቲቢው ባክቴሪያ አይችልም።

ኦክስጅን ሲያጥረው መባዛቱን ትቶ ያንቀላፋል። ስብ በሆዱ ያከማቻል፣ ወጪውን ይቀንሳል። ሲባዛ ጠብቀው የሚመቱ መድኃኒቶች እንዲህ ተኝቶ ሲያገኙት ብዙም አይጎዱትም። ሳሉ ከጠፋ በኋላም ክኒኑ የሚቀጥለው አንድም ለዚህ ነው። ግን ተኝቶም ቢሆን ጥቂት ኤቲፒ የግድ ያስፈልገዋል።

ቤዳኩዊሊን የሚመታው ይህችን ጥቂት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ይህ መድኃኒት ኤቲፒ ሲንቴዝ ላይ ተጣብቆ እንዳይዞር ያደርገዋል። ባክቴሪያው ወዲያው አይሞትም፤ ቀናት ይንገታገታል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ስትሪም በተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ ሲፈተሽ ኢትዮጵያም ተሳታፊ ነበረች። ቤዳኩዊሊን የያዙ ሕክምናዎች መምጣታቸው የሚያሠቃየውን የዕለት መርፌ ማስቀረት አስችሏል፤ ጆሮን ሊያደነቁር የሚችል መርፌ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ባክቴሪያውም ዝም አላለም። አንድ ተቆጣጣሪ ጂኑ ሲለወጥ ሽፋኑ ላይ ያለው ፓምፕ ይበረታና ቤዳኩዊሊንን ወደ ውጭ ይተፋዋል። ያው ፓምፕ ክሎፋዚሚን የተባለውን ሌላ የቲቢ መድኃኒትም ያስወጣል። አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ ሌላውንም ሊቋቋም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።