ዛምቦት 3፦ በአንድ ቤተሰብ ትከሻ ላይ የወደቀ ጦርነት

«የማይበገረው ልዕለ ሰው ዛምቦት 3» እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 8 ቀን 1977 እስከ ማርች 25 ቀን 1978 በናጎያ ቴሌቪዥን ጣቢያ በ23 ክፍሎች የተላለፈ የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የሚሠራ የአኒሜሽን ፊልም) ነው። የተሠራው ኒፖን ሰንራይዝ በተባለው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ሲሆን፣ ዋና ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ ነው። በ1970ዎቹ የጃፓን ልጆች በየሳምንቱ ይከታተሏቸው ከነበሩት በርካታ የግዙፍ ሮቦት ፊልሞች እንደ አንዱ ቢጀምርም፣ ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሱትን ልጆች ብቻ ሳይሆን አያቶቻቸውንና ወላጆቻቸውን ጭምር በአንድ መርከብ አሳፍሮ ወደ ጦር ሜዳ በማዝመቱ ከዘመኑ ሥራዎች ተለይቶ ይታወቃል። ጦርነቱ በጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተሞች ይጀመርና በጠፈር ውስጥ ይጠናቀቃል።

ሰንራይዝን በ1972 የመሠረቱት ሙሺ ፕሮዳክሽን ከተባለው የአኒሜሽን ስቱዲዮ የወጡ ባለሙያዎች ናቸው። ስቱዲዮው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው ለሌሎች ኩባንያዎች በትእዛዝ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ቶኤይ ለተባለው የፊልም ኩባንያ የተሠሩት የሮቦት ፊልሞች «ኮምባትለር ቪ» እና «ቮልተስ ቪ» የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። በ1976 መጨረሻ ኒፖን ሰንራይዝ በሚል ስም ራሱን ችሎ ሲቋቋም፣ ከራሱ ሐሳብ አመንጭቶ በራሱ ስም ለማቅረብ የመረጠው የመጀመሪያ ተከታታይ ፊልም ዛምቦት 3 ነበር። ወጪውን የደገፈው ክሎቨር የተባለው የመጫወቻ አምራች ነው። ኩባንያው ይፈልግ የነበረው ተነጣጥሎ የሚገጣጠም፣ ቅርጹን የሚለዋውጥና ልጆች በሱቅ ሲያዩት የሚመኙት ሮቦት ስለነበር፣ በየክፍሉ ሮቦቱ መታየት፣ መገጣጠምና ማሸነፍ ነበረበት። ቶሚኖ ይህን ግዴታ ሳያጓድል ተወጥቷል፤ ነገር ግን ከውጊያው በፊትና በኋላ የሚተርፉትን ደቂቃዎች ማንም ባልጠበቀው መንገድ ተጠቅሞባቸዋል። መነሻ ሐሳቡን ያፈለቁት ቶሚኖና ዮሺታኬ ሱዙኪ ሲሆኑ፣ የገጸ ባሕርያቱን መልክ የነደፈው ዮሺካዙ ያሱሂኮ፣ ሙዚቃውን የደረሱት ደግሞ ታኬኦ ዋታናቤና ዩሺ ማትሱያማ ናቸው።

በታሪኩ መሠረት የጂን ቤተሰብ ከምድር ውጭ የመጣ የስደተኞች ዘር ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ቢያል በተባለች ፕላኔት ይኖሩ ነበር። ጋይዞክ የተባለ ጠላት ፕላኔታቸውን ሲያጠፋባቸው የተረፉት በመርከብ ሸሽተው፣ ጃፓን በኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) ሳለች ምድር ላይ አረፉ፤ ከአገሩ ሰው ጋር ተዋልደውም ጃፓናውያን ሆኑ። ይሁንና ጠላታቸው አንድ ቀን ተከትሏቸው እንደሚመጣ ስለሚያውቁ፣ መርከቦቻቸውን ደብቀው የአባቶቻቸውን ታሪክ ለልጆቻቸው ሲያስተላልፉ ኖሩ። ቤተሰቡ ጂን፣ ካሚኪታና ካሚኤ በሚባሉ ሦስት ቤቶች ተከፍሎ በተለያየ የአገሪቱ ክፍል ይኖራል። ዋና ገጸ ባሕርይው የ12 ዓመቱ ጂን ካፔይ የሚያድገው በሱሩጋ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በወደብ ሰፈር ውስጥ ነው። አመጸኛና አፉ የማያርፍ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር መደባደብ የማይሰለቸው ልጅ ሲሆን፣ ድምፁን የሰጠችው ከ1979 ጀምሮ ዶራኤሞን በተባለው የልጆች አኒሜ ዋና ገጸ ባሕርይ ድምፅነቷ በመላው ጃፓን የታወቀችው ኖቡዮ ኦያማ ናት።

ሮቦቱና መርከቡ የተነደፉት የቤተሰቡን አሠራር ተከትለው ነው። ካፔይ፣ ዘመዶቹ ካሚኪታ ኡቹታና ካሚኤ ኬይኮ እያንዳንዳቸው አንድ የውጊያ ማሽን ያንቀሳቅሳሉ። የካፔይ ዛምበርድ ብቻውን ዛምቦ ኤስ ወደተባለ ትንሽ ሮቦት መለወጥ ይችላል፤ ሦስቱም ሲጋጠሙ ዛምቦት 3 ይሆናሉ። ሦስቱ ቤቶች የጠበቋቸው ሦስት መርከቦችም እንዲሁ ተጋጥመው ኪንግ ቢያል የተባለውን ታላቅ መርከብ ይሠራሉ። በዚህ መርከብ ላይ የሚያዝዘው የቤተሰቡ ራስ የሆነው አያት ጂን ሄይዛኤሞን ነው፤ አባቶች መሣሪያውንና ሞተሩን ይይዛሉ፣ ሴት አያትና እናቶችም አብረው ተሳፍረዋል። በሌሎች የዘመኑ ፊልሞች ሮቦቱን የሚልከው አንድ ሳይንቲስትና የምርምር ማዕከሉ ነበሩ። እዚህ ግን ልጁን ወደ ጦርነት የሚልከው አባቱ፣ ሲመለስ ምግብ የምታቀርብለት እናቱ፣ ሲሳሳት የሚቆጣው አያቱ ስለሆኑ፣ የውጊያ ትእዛዝና የቤት ውስጥ ጭቅጭቅ በአንድ ክፍል ውስጥ ይሰማሉ። በእኔ ግምት የሥራው ትልቁ ፈጠራ ይኸው ነው።

ልጆቹ ማሽኖቹን ማንቀሳቀስ የቻሉት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በተሰጣቸው ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ፍርሃታቸውንም የሚያፍን ነው። የተመልካቹን ደስታ ያሳድግ የነበረው የካፔይ ድፍረት፣ ከፊሉ አዋቂዎች ሳይጠይቁት የተከሉበት መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ ሌላ ገጽታ ይይዛል። ፊልሙ ወላጆቹን ክፉ አያደርጋቸውም፤ ልጆቻቸውን የሚወድዱና ሌላ ምርጫ ያጡ ሰዎች አድርጎ ያቀርባቸዋል፣ ለዚህም ነው ጥያቄው የሚከብደው።

በጊዜው የነበረው ልማድ ጀግኖች ከተማ ሲያድኑ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብ ነበር። በዛምቦት 3 ግን የወደብ ከተማው ነዋሪዎች ቤታቸው የፈረሰው፣ ዘመዶቻቸው ያለቁት ጋይዞክ የጂንን ቤተሰብ ፈልጎ ስለመጣ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ቤተሰቡን ይሰድቡታል፣ በድንጋይ ይወግሩታል፣ ከአገራችን ውጡ ይሉታል። ከካፔይ ጋር በሰፈር ጠብ የሚታወቀው ኮዙኪ ሺንጎ ቤተሰቡን ካጣ በኋላ ጥላቻው የልጅ መሆኑ ቀርቶ ከባድ ይሆናል፤ ሁለቱ ቀስ በቀስ የሚታረቁበት መንገድም ከተከታታዩ ምርጥ ክሮች አንዱ ነው። ከውጊያ በኋላ ካሜራው ወደ አሸናፊው ሮቦት አይሄድም፤ ዕቃቸውን በጀርባቸው ተሸክመው በመንገድ ላይ የሚጓዙ፣ በመጠለያ የሚተኙ፣ ምግብ የሚጠብቁ ተፈናቃዮችን ያሳያል። ቶሚኖ የተወለደው በ1941 ሲሆን፣ ከጦርነቱ ማግሥት በፈራረሰች ጃፓን ካደጉት ትውልዶች አንዱ ነው።

ከ16ኛው እስከ 18ኛው ክፍል ያለው ምዕራፍ ዛሬም ድረስ በጃፓን አኒሜ ታሪክ ከማይረሱት ውስጥ ይቆጠራል። ባንዶክ ከተባለው ምሽግ ሆኖ የሰውን ስቃይ እንደ መዝናኛ የሚመለከተው የጋይዞክ አዛዥ ኪለር ዘ ቡቸር፣ የማረካቸውን ሰዎች በሰውነታቸው ውስጥ ፈንጂ ቀብሮ ወደ ወገኖቻቸው ይለቃቸዋል። የተለቀቁት ምን እንደተደረገባቸው ሳያውቁ ከቤተሰባቸው ጋር ሲገናኙ ይፈነዳሉ። ምልክቱ በጀርባ ላይ ያለ የኮከብ ቅርጽ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ፈንጂውን ማውጣት አይቻልም። ምልክቱ ያለባቸው ሰዎች ሌላውን ላለመጉዳት ከሕዝቡ ተለይተው ርቀው ይሄዳሉ፤ ከእነሱ መካከል የካፔይ የቅርብ ሰዎችም አሉ፣ የሚወድዳት አኪ የተባለች ልጅም በዚህ ትሞታለች። ሮቦቱ፣ የቱንም ያህል ኃያል ቢሆን፣ በዚህ ምዕራፍ ሊያደርግ የሚችለው አንዳች ነገር የለም። ለአሥር ዓመት ልጅ የተዘጋጀ የቅዳሜ ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ማሳየት ይገባዋል ወይ የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። እኔ በበኩሌ ጭካኔው ለማስደንገጥ ብቻ የገባ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሞት ስም፣ ዘመድና የሚያለቅስለት ሰው አለው።

በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ኪንግ ቢያል ባንዶክን ተከትሎ ወደ ጠፈር ይወጣል። ቤተሰቡ የማይመለስበት ጉዞ መሆኑን ስለሚያውቅ እናቶችና ትንንሽ ልጆች ወደ ምድር እንዲመለሱ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ውጊያው ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጨርሳል፤ አያት ሄይዛኤሞን ከሚስቱ ከኡሜ ጋር መርከቡን ከጠላት ምሽግ ጋር አላትሞ ይሞታል፣ አባትየው ይወድቃል፣ ኡቹታና ኬይኮም ለካፔይ መንገድ ሲከፍቱ ያልፋሉ። ካፔይ ምሽጉ መሐል ሲደርስ የሚያገኘው ንጉሥ ወይም ጭራቅ አይደለም። ጋይዞክ በውስጣቸው ክፋት ያለባቸውን ፍጥረታት ከሕዋ እንዲያጠፋ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። ይህ ማሽን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያዳንካቸው ሰዎች ክፉዎች ናቸው፣ ሲወግሯችሁም ኖረዋል፤ ታዲያ ማን ጠይቋችሁ ተዋጋችሁ፣ ማንስ ያመሰግናችኋል? ሁሉን ያጣው ልጅ የተሰናዳ መልስ የለውም፤ እያለቀሰ ቤተሰቡ ምድርን መጠበቁን ብቻ ይናገራል። ከተዋጊዎቹ ብቻውን ተርፎ በተጎዳው ዛምቦ ኤስ ወደ ትውልድ ሰፈሩ ዳርቻ ሲወድቅ፣ ወዳጆቹና የከተማው ሰዎች ወደ እሱ እየሮጡ ይመጣሉ።

ሥራው እንከን የለውም ማለት አይደለም። በጀቱ ጠባብ ስለነበር የሥዕሉ ጥራት ከክፍል ክፍል ይለያያል፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ያሉ አንዳንድ ክፍሎችም ጭራቅ መጥቶ ከመሸነፍ የዘለለ ታሪክ የላቸውም። በአንጻሩ ዮሺኖሪ ካናዳ የተሳተፈባቸው ክፍሎች በእንቅስቃሴያቸው ድፍረት ወዲያው ይለያሉ፤ የአካል አቀማመጥን አጋንኖ የሚስልበትና ብርሃንንና ፍንዳታን የሚያዋቅርበት ዘዴ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሠዓሊዎች የተከተሉት ሆኗል።

የክሎቨር መጫወቻዎች ጥሩ ገበያ በማግኘታቸው ያው ቡድን በዚያው ጣቢያ ሌላ ሥራ እንዲቀጥል ተፈቀደለት። በ1978 ቀለል ያለ መንፈስ ያለው «ዳይታርን 3» ቀረበ፤ ከእርሱም በኋላ ቶሚኖ፣ ያሱሂኮና ሁለቱ የሙዚቃ ደራሲዎች ከዚሁ ደጋፊ ኩባንያ ጋር በኤፕሪል 7 ቀን 1979 «ሞባይል ሱት ጋንዳም»ን ጀመሩ። በጋንዳም ውስጥ ያሉት መኖሪያቸውን ያጡ ተፈናቃዮች፣ ያለ ፈቃዳቸው ወታደር የሆኑ ልጆችና ጀግናውን የማያመሰግኑ አዋቂዎች መጀመሪያ የታዩት በዛምቦት 3 ነበር። ለቶሚኖ «ሁሉን ገዳይ» የሚል ቅጽል ስም ካተረፉለት ሥራዎችም ቀዳሚው ይህ ሲሆን፣ በ1980 የተጀመረው ሌላው የሮቦት ሥራው «አይዲዮን» ስሙን አጽንቶለታል። ዛምቦት 3 በጣልያን ቴሌቪዥንም ተላልፎ ተወዳጅነት አግኝቷል፤ በጃፓን ደግሞ የተለያዩ ሮቦቶችን በአንድ የሚያሰልፈው «ሱፐር ሮቦት ዋርስ» የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ የጂንን ቤተሰብ በተደጋጋሚ ሲያቀርብ፣ በዋናው ታሪክ የሞቱትን ዘመዶች ተጫዋቹ በሕይወት ሊያተርፍ የሚችልባቸው ጨዋታዎችም ተሠርተዋል።