ካማን ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዲት እህት ዱባይ ውስጥ የህንድ ምግብ ቤት ገብታ የበላችውን ነገር ፎቶ አሳየችኝ። ቢጫ ነው፣ እንደ ኬክ ለስላሳ፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ፍሬ የተነሰነሰበት። «ጨውም ስኳርም አለው፤ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከኔ በፊት የጠየቀችው ሰው ደግሞ «ዶክላ ነው፤ የህንዶች እንጀራ በይው፤ ሌሊቱን ሲቦካ ያድራል» ብሏታል።

ይህን መልስ ስንቴ ሰማሁት! ሥራዬ ከሊጥና ከእርሾ ጋር ስለሆነ ማለፍ አልቻልኩም።

ፎቶው ላይ ያለው ካማን ነው። ካማንም ዶክላም በምዕራብ ህንድ የጉጃራት ሰዎች ምግብ ናቸው፤ ሁለቱም በእንፋሎት ይበስላሉ። ብዙ ምግብ ቤቶች ራሳቸው ካማኑን ሜኑ ላይ «ዶክላ» ብለው ስለሚጽፉት በስሙ የተሳሳተን ሰው አልወቅስም። እኔን የሚያናድደኝ «ሲቦካ ያድራል» የሚለው ነው።

ዶክላ በእርግጥ ያድራል። ሩዝና የሽምብራ ክክ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ ከእርጎ ጋር ሆኖ ይቦካል። ሲበስል ነጣ ያለ፣ ጠጠር ያለ፣ ኮምጠጥ ያለ ነው። ይህን ከእንጀራ ጋር ብታመሳስሉት አልከራከርም።

ያ ቢጫው ግን ሌላ ነው። የሽምብራ ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል፣ ሎሚ ወይም የሎሚ አሲድ ይገባበታል፣ መጨረሻ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል። ሶዳው ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ አረፋ ይነሳል። ቶሎ ካልተጣደ አረፋው ይከስማል። ጉጃራቶች «ናይለን ካማን» ይሉታል። የእንጀራ ዓይን የእርሾ ሥራ ነው። እርሾው የሊጡን ስኳር እየበላ ጋዝ ያወጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ኮምጣጣውን ጣዕም ያመጣሉ። ለዚህ ነው ቀናት የሚፈጀው፤ ለዚህ ነው አብሲት የሚጣለው። የናይለን ካማን ዓይን ግን የሶዳ ነው፤ ኮምጣጣነቱም የሎሚው። አንድ ሰው ሶዳ ጨምሮ ወዲያው የጋገረውን ቢያቀርብላችሁ ዓይኑን ብቻ አይታችሁ «ሦስት ቀን የቦካ ነው» ትላላችሁ?

ደግሞ «ካማን ጭራሽ አይቦካም» እንዳትሉ። «ቫቲ ዳል ካማን» የሚባለው ክኩ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶና ቦክቶ ነው የሚሠራው። ሸካራነቱ ምላስ ላይ ይታወቃል።

ጥቁሩ ፍሬ ጥቁር አዝሙድ አይደለም፤ ትኩስ ዘይት ላይ የፈነዳ ሰናፍጭ ነው። ጣፋጭነቱ ከበሰለ በኋላ ከሚፈስበት የስኳር ውሃ ይመጣል። ቢጫው ውስጥ ቀያይ ነጠብጣብ ካያችሁ በርበሬ ላይሆን ይችላል፤ እርድ ሶዳ ሲበዛበት ይቀላል። ቤት ውስጥ ልትሞክሩ ካሰባችሁ የሽሮ ዱቄት አይሆንም፤ የተቆላና ቅመም የገባበት ነው። ያልተቆላ የሽምብራ ዱቄት ፈልጉ።

ጾም ላይ ላላችሁ ደግሞ፦ በሎሚ የተሠራ ናይለን ካማን ብዙ ጊዜ የጾም ነው። ዶክላ ግን ብዙውን ጊዜ እርጎ አለው፤ አንዳንዱ ሰው ካማኑም ውስጥ ይጨምራል። ሜኑው ላይ ያለው ስም ይህን አይነግራችሁም። «እርጎ ገብቶበታል?» ብላችሁ አስተናጋጁን ጠይቁት።