የካርቡራተር ሞተርን ወደ ኢንጄክተር መቀየር፦ ከአዳማ ሲታይ

አዳማ፣ እኩለ ቀን። አንድ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ሱቅ በር ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሟል። ሹፌሩ ተመልሶ ቁልፍ ያዞራል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይጮኻል፣ ሞተሩ ግን አልነሳም ይላል። ሰውየው አይደነግጥም። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ጨርቅ በውሃ ይነክራል፣ የቤንዚን ፓምፑን ይሸፍናል። ትንሽ ቆይቶ ይሞክራል። ተነሳ። አዳማ የቆየ ሰው ይህን ሳያይ አልቀረም።

ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። ከመካከላቸው ቶሎ የሚተኑት 35 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራሉ። መኪናው ሲቆም ንፋሱ ይቋረጣል። የሞተሩ ሙቀት ኮፈኑ ሥር ይታመቅና ፓምፑና ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይለወጣል። የድሮው ፓምፕ ደግሞ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልበትም። እርጥቡ ጨርቅ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ ይመልስለታል።

ከዚህ ጣጣ መገላገያ ከሚባሉት አንዱ ካርቡራተሩን አውልቆ ሞተሩን በኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ጋራዥ ውስጥ በአጭሩ «ወደ ኢንጄክተር መቀየር» ይሉታል። በኢንጄክተር መኪና ውስጥ ቤንዚን 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) በሚያህል ግፊት ተጨንቆ ስለሚጓዝ በቀላሉ አይፈላም። ከሞተሩ የተረፈውም ወደ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) እየተመለሰ ይዘዋወራል እንጂ ሙቀት ውስጥ ተኝቶ አይጠብቅም። በካርቡራተር መኪና ግን የፓምፑ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ባር ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ካርቡራተር የማያውቀው ነገር

ካርቡራተር ጎበዝ መሣሪያ ነው። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። የወረደው ግፊት ከቋቱ ውስጥ ቤንዚን በጂግለሩ፣ ማለትም ቤንዚኑን በሚመጥነው ትንሽ ቁራጭ፣ ቀዳዳ ስቦ ያወጣል። አለቀ። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርሰው ሞተሩ ሁሉንም አቃጥሎ ይጨርሳል። የጂግለሩ ቀዳዳ ስፋት የተመረጠው ይህን ልክ ለመጠበቅ ነው። ግን ለአንድ ዓይነት አየር ብቻ።

እኛ አገር አየሩ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። አዳማ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ናት። በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ነው ያለው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊቱ 101 ኪሎፓስካል ነው። አዳማ ላይ ወደ 83 ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76። ካርቡራተር የሚያየው የሚያልፈው አየር ስንት ቦታ እንደያዘ እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ አየሩ መሳሳቱን በቅጡ አያውቅም። በስሌት ካየነው፣ ለባሕር ጠለል የተመረጠ ጂግለር አዳማ ላይ 10 በመቶ ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 15 በመቶ ያህል ቤንዚን ያበዛል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በደንብ የተቃኘ መኪና አዳማ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል። ነዳጅ ሲሰጡት ይስላል፣ ይሞቃል። አዳማ ላይ የተቃኘው ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈታችሁ ብታዩት ጥላሸት ለብሷል፣ ማርሚታው ጥቁር ያጨሳል፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞረው ዝቅተኛ ዙር) ይንቀጠቀጣል። ሁለቱን ከተማ የሚመላለስ ሹፌር ኪሱ ውስጥ ካቻቪት የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ኢንጄክተር ያለው ሞተር ይህን በራሱ ይለካል። ማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ቱቦ፣ ላይ የግፊት ሴንሰር አለ። ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ሴንሰሩ የውጪውን አየር ግፊት ያነባል። አዳማ ከሆነ 83 ይላል፣ አዲስ አበባ ከሆነ 76። ኮምፒውተሩ ያንን ይዞ የአየሩንና የሞተሩን ሙቀት፣ የዙሩን ፍጥነትና የነዳጅ መስጫውን አቋም ይጨምርበታል። ከዚያ መርጫው ለስንት ሚሊሰከንድ ይከፈት የሚለውን ይወስናል። በሚኒሞ ላይ ይህ ጊዜ 2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ቢሆን ነው። ጭሱ መውጫ ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ደግሞ ውጤቱን አይቶ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» እያለ ያርመዋል።

ለእኔ የዚህ ቅየራ ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚመጣው ቤንዚን ይቆጥባል ተብሎ ነው። ሊቆጥብም ይችላል። ግን ካርቡራተሩ ጤነኛና በደንብ የተቃኘ ከነበረ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ያለው ልዩነት ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ጠዋት በብርድ ሲነሳ፣ ከሰዓት በሙቀት ሲነሳና ዳገትና ቁልቁለት ሲፈራረቁ ነው።

ከየት መጣ

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ የነዳጅ መርጫ አሳይቶ ነበር፤ የዘመኑ ኤሌክትሮኒክስ ግን አልቻለውም። ቦሽ ሐሳቡን አሻሽሎ በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ ብሎ ቮልስዋገን 1600 ላይ ገጠመው። በ1979 ሞትሮኒክ ሲመጣ ነዳጁንም የካንዴላውን እሳትም አንድ ኮምፒውተር መምራት ጀመረ። የቮልስ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ፦ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ቮልስ ከ1975 ጀምሮ ኢንጄክተር ነበረው። እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ የተሠሩት የመጨረሻዎቹ ቮልሶችም እንዲሁ። ወደ ብዙ አገሮች የሚላኩ ርካሽ ሞዴሎች ግን እስከ 1990ዎቹ በካርቡራተር ቀጥለዋል። ዲኤክሱም ላዳውም እኛ ጋ የደረሱት እንዲህ ሆነው ነው።

የቶዮታ ሞተር ከሆነ ስሙን ማንበብ ግማሽ ሥራ ነው። 4ኤ-ኤፍ ካርቡራተር ነው፣ 4ኤ-ኤፍኢ ኢንጄክተር ነው። 22አር ካርቡራተር፣ 22አር-ኢ ኢንጄክተር። ከሰረዙ በኋላ የምትመጣው «ኢ» ናት ነገሩን የምትናገረው። ከሰረዙ በፊት ያለችው ግን የሞተሩ ቤተሰብ ስም ናት፣ እንዳትሸውዳችሁ። 2ኢ የሚባለው ሞተር ካርቡራተር ነው። እኔን አንድ ሻጭ «2ኢ ነው፣ ኢንጄክተር ማለት ነው» ብሎ ሊሸጥልኝ ሲል ኮፈኑን ባልከፍት ኖሮ አምኜው ነበር።

ሁለት መንገድ

አንደኛው መንገድ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው። ከተፈታ መኪና ላይ ኢንጄክተር ሞተር ከነሽቦው፣ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነፓምፑ ይገዛል። አዳማ ያልተገኘው አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ፋብሪካው ያቃኘው ስለሆነ ከገጠሙት በኋላ ብዙ አያደክምም። እዚህ ላይ ሰው የሚሸወደው ሽቦው ላይ ነው። ለማውጣት እንዲመች በመቀስ የተቆረጠ ሽቦ የያዘ ሞተር በርካሽ ያገኛሉ። ከዚያ ኤሌትሪሺያኑ ያንን ሽቦ አንድ በአንድ ሲያፈላልግ የሚከፈለው ገንዘብ ርካሽነቱን ይበላዋል። ሌላው ጣጣ ሊብሬው ነው። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል። ሞተር ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ወረቀቱ ካልተስተካከለ በቦሎ ጊዜ ወይም በሽያጭ ጊዜ ጥያቄ ይመጣል።

ሁለተኛው መንገድ ያለውን ሞተር ይዞ የነዳጅ አሰጣጡን ብቻ መቀየር ነው። ቁጥሩ ያው ነው። ቀላሉ ዓይነት በካርቡራተሩ ቦታ ላይ መርጫዎቹን በራሱ የያዘ የአየር በር ማስቀመጥ ነው። የተሻለው ዓይነት ማኒፎልዱ ላይ ለየሲሊንደሩ አንድ አንድ መርጫ መትከል ነው። ለዚህ አሉሚኒየም የሚበይድ እጁ የጸዳ ሰው ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ከሌላ መኪና የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ወይም ሜጋስኩዊርት እና ስፒዱዊኖ እንደሚባሉት፣ ላፕቶፕ ሰክተው የሚቃኙት፣ ለማንኛውም ሞተር የሚሆን ይሆናል። ለላዳ ባለቤት ደግሞ ሦስተኛ ዕድል አለ፦ 2107 ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመቆሙ በፊት በነበሩት ዓመታት ፋብሪካው ራሱ ኢንጄክተር ይገጥምለት ስለነበር ዕቃው ተሠርቶ የነበረ ዕቃ ነው።

ሥራው

ከሁሉ በፊት የነዳጁ መስመር። ሰልባትዮው ይወርዳል፣ ይታጠባል። 30 ዓመት የተጠራቀመ ዝገት መርጫ ውስጥ ከገባ ያለቀለት ነው። በሜካኒክ የሚሠራው ፓምፕ ይወጣና ቦታው በብረት ሳህን ይደፈናል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይገባል፣ ፊልትሮ ይገባል፣ የመመለሻ ቱቦ ይዘረጋል።

ቱቦው ላይ ትንሽ ልቆይ። የራሴ መኪና ላይ የሥራው ጥራት የተለካው እዚህ ጋ ነው። የሠሩልኝ ልጆች ጎበዞች ነበሩ፣ ግን ለካርቡራተር የሚሆነውን ተራ ቱቦ በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ) አሰሩት። አዳማ ውስጥ ለሳምንት ምንም አልሆነም። ወደ ሞጆ ስሄድ የቤንዚን ሽታ መጣ። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ቱቦው እንደ ፊኛ አብጧል፣ በስንጥቁ ቀጭን ቤንዚን ይረጫል፣ ትኩሱ የጭስ ማውጫ ከሥሩ አንድ ስንዝር ላይ ነው። ቁልፉን አጥፍቼ ሮጥኩ። ለ3 ባር የተሠራ ቱቦ ላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ ሳይጻፍበት «ይሆናል» የተባለውን አትቀበሉ። ፓምፑም ሞተሩ ሲጠፋ በራሱ የሚቆም መሆን አለበት። መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ ግን ቤንዚን እየገፋ እንዳይቀር ነው። ደህና ኮምፒውተር ይህን ይሠራል፤ ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ያህል ፓምፑን ያስነሳና የሞተር ዙር ካላየ ያጠፋዋል።

ቀጥሎ ዙሩን የሚያሳውቅ ሴንሰር። ኮምፒውተሩ ፒስተኑ የት እንዳለ ማወቅ አለበት። ለዚህ ፑሌጃው (ቺንጋውን የሚያዞረው ክብ) ላይ ጥርስ ያለው የብረት ክብ ይታሰራል። የተለመደው 60 ጥርስ ተቆጥሮለት ሁለቱ የተነሱለት ነው፤ ከጎደለው ቦታ ጀምሮ ነው ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው። ክቡ ትንሽ ቢጣመም ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይንተባተባል። ጥፋቱን ሴንሰሩ ላይ ጥሎ ሦስት ሴንሰር የቀየረ ሰው አውቃለሁ።

ኤሌክትሪኩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አሮጌ ዲናሞ ለመብራትና ለባትሪ ይበቃ ይሆናል፣ ፓምፕና መርጫ ሲጨመርበት ግን ይደክማል። የመሬት ሽቦው ከሞተሩ ብረት ጋር በደንብ ካልተያያዘ ሴንሰሮቹ የሚሰጡት ቁጥር ይዋዥቃል። ፑንቲና ያለው የድሮ ማቀጣጠያም የኤሌክትሪክ ረብሻ ስለሚፈጥር አብሮ ቢቀየር ይመረጣል።

መቃኘቱ

ገጥሞ መጨረስ ግማሽ መንገድ ነው። ለማንኛውም ሞተር የሚሆን ኮምፒውተር የእናንተን ሞተር አያውቀውም። በላፕቶፑ ላይ ሠንጠረዥ አለ። በአንድ ጎን የሞተር ዙር፣ በሌላው የማኒፎልድ ግፊት። እያንዳንዷ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ቁጥር መሞላት አለበት።

ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የድብልቁን መለኪያ ያያል። ነጂው ላፕቶፕ ሊያይ ከሞከረ ነገሩ በነዳጅ ሳይሆን በግጭት ያልቃል። አዳማ ለዚህ ትመቻለች። ወደ ወንጂ ያለው መንገድ ለቀላል ጭነት ይሆናል። ወደ ቢሾፍቱ ሲወጣ ሞተሩ ይጫናል፣ የግፊቱ ቁጥርም ሲቀየር ታያላችሁ። የጠዋት አነሳሱ ግን በአንድ ቀን አይቃኝም። ሞተሩ አድሮ መቀዝቀዝ አለበት፤ በቀን አንድ ሙከራ ብቻ ነው ያላችሁ። ካቃኛችሁ በኋላ የቁጥሮቹን ቅጂ በፍላሽ አስቀምጡ።

ለማን ይሆናል

ጋራዥ የሚመጣው አብዛኛው «ካርቡራተሩ አስቸገረኝ» የሚል መኪና ችግሩ ካርቡራተሩ ላይ ላይሆን ይችላል። ቫልቩ በደንብ የሚዘጋ፣ እሳቱ በልኩ የሚመጣ፣ በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (መሸፈኛ) አየር የማያስገባ መሆኑ መጀመሪያ ይታይ። ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) የወደቀ ሞተር ላይ ኢንጄክተር መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። አዳማ ውስጥ ብቻ የምትዞር መኪና ከሆነችም፣ ጽዱ ካርቡራተርና ፓምፑን ከሙቀት የሚከልል ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ግን አሮጌ መኪናን ይዞ የመቆየቱ ነገር ራሱ ተቀይሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ዲኤክሱን አሽቀንጥሮ መጣል እንደ ድሮው ቀላል አይደለም።

የኢንጄክተር ጉዳቱም ይነገር። ካርቡራተር ሲታመም እየሳለ እየተንፈራገጠ ቤት ያደርሳችኋል። የዙር ሴንሰር ሲሞት መኪናው በቆመበት ይቀራል፣ ካቻቪትም አይረዳውም። ስለዚህ አንድ ትርፍ የዙር ሴንሰር፣ አንድ የፓምፕ ሪሌ፣ ጥቂት ፊውዝ እና የሽቦው ሥዕል በወረቀት ታትሞ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። የተፈታውን ካርቡራተር ደግሞ ከነጂግለሩ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ፈላጊው ገና ብዙ ነው።