ግሩሚንግ ምንድን ነው?

በቅርቡ ከጓደኛዬና ከልጇ ጋር ከአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወጥተን ወደ አራት ኪሎ አደባባይ እየሄድን ነበር። ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው። እናቷ ስልክ ስታናግር ወደ ኋላ ቀረት ስትል፣ ልጅቷ ቴሌግራሟን ከፍታ አሳየችኝ። «ይሄ ልጅ በየሳምንቱ ፓኬጅ ይልክልኛል» አለችኝ። የተዋወቁት የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኞች ግሩፕ ውስጥ ነው። በአካል አይታው አታውቅም። «ለምን ይልክልሻል?» አልኳት። «እንጃ፣ ጎበዝ ስለሆንሽ ነው ይለኛል።» መልእክቶቹን አየኋቸው። አንድም ነውር ነገር የለባቸውም። መጨረሻው ላይ ግን «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ እሺ?» የሚል ነበር። ደነገጥኩ።

ግሩሚንግ ማለት አንድ ሰው ልጅን ለወሲባዊ ጥቃት ለማመቻቸት ቀስ በቀስ የሚቀርብበትና አመኔታ የሚያገኝበት መንገድ ነው። አንዳንዶች «ማባበል» ይሉታል። ለእኔ «ማለማመድ» ይበልጥ ይገልጸዋል። ማባበል በአንድ ከረሜላ፣ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ማለማመድ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በየቀኑ የሚጨመረው ትንሽ ስለሆነ ልጁ ነገሩ የቱ ጋ እንደተበላሸ አያውቀውም።

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ነው። የጥናት ግሩፕ፣ የቲክቶክ ኮሜንት፣ እንደ ሮብሎክስና ፍሪ ፋየር ያሉ ጌሞች ላይ ያለ ቻት። ከዚያ «በውስጥ እናውራ» ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ሰውየው ያዳምጣል። ይሄ ነው እኔን በጣም የሚያመኝ። እኛ ከሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፈን፣ ማታ 2 ሰዓት ደክሞን ቤት እንገባለን። የምንጠይቀው «አጠናህ?» ብቻ ነው። እሱ ግን «ሒሳቡ እንዴት ነበር? ያ ልጅ ዛሬም ሰደበህ?» ይላል። ልጅ የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ቢጠጋ አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ስጦታ ይመጣል፤ ካርድ፣ ፓኬጅ፣ የጌም ገንዘብ። ከስጦታው ጋር ምስጢር ይመጣል። ምስጢሩ ከጸና በኋላ ስለ ሰውነት የምትጠይቅ ቀልድ ትጣላለች። ልጁ ዝም ካለ ሌላ ትጨመራለች። ከዚያ ፎቶ ይጠየቃል። ፎቶው ከተላከ ደግሞ ያ ደግ ሰው ይለወጣል፤ «ሌላ ካልላክሽ ለክፍል ጓደኞችሽ እበትነዋለሁ» ይላል። ወንዶች ልጆችም ከዚህ አያመልጡም። ብዙዎቹን የሚያጠምዳቸው ሴት መስሎ የሚቀርብ ሰው ነው፤ ከፎቶው በኋላም የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ ብር ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች የምንሠራው ስህተት አለ። ስልኩን እንነጥቃለን፣ እንጮሃለን፣ አንዳንዴም እጃችንን እናነሳለን። ሰውየው «ብትነግሪያቸው ይገድሉሻል» ብሏት ነበር። እኛ ደግሞ ልክ እንደነበር እናሳያታለን። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ለማን ትናገር? ጓደኛዬ ያን ቀን ማታ ልጇን «ስላሳየሽን ጎበዝ» ብላ ነው የጀመረችው። የቀረውን ልጅቷ ራሷ አወራችው።

ቴሌግራም ላይ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ የልጁን ስልክ ቁጥር ማንም እንዳያየው፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች በስተቀርም ማንም ግሩፕ ውስጥ እንዳያስገባው ማድረግ ትችላላችሁ። ይጠቅማል። ግን ሰውየው አስቀድሞ የልጁ «ጓደኛ» ከሆነ ይሄ አያቆመውም።

ነገሩ ከተጀመረ ቶሎ ብሎክ ለማድረግ አትቸኩሉ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ቻቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የአካውንቱን ስም፣ ዩዘርኔሙንና መልእክቶቹን ስክሪንሻት አድርጉ። የልጅ የእርቃን ፎቶ ካለበት ግን ለአጎትም ለአክስትም እንዳትልኩ። ልጁን ዳግም ይጎዳዋል፣ በሕግም ያስጠይቃል። ስልኩን ራሱን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። «ገና ምንም አልነካትም እኮ» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12ን ንገሩት። አካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ በመልእክት፣ በምስል ወይም በቪዲዮ ለወሲብ ማነሳሳት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

በአካል ተገናኝተው ጥቃት ደርሶ ከሆነ ደግሞ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውሰዱት። እዚያ ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የያዘ ማዕከል አለ። ልጁ ያንኑ ታሪክ በየቢሮው እየዞረ እንዳይደግም ታስቦ የተከፈተ ነው።