ጠጣር ቅባት እቤት ስንሰራ የምንሳሳታቸው ነገሮች፣ በድሬ ሙቀት

ባለፈው ግንቦት ነው። ራሴ የሰራሁትን ጠጣር ቅባት በትንሽ ቆርቆሮ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ሰፈር ወደ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ባጃጁ ውስጥ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፀሐዩ በጎን እየገባ፣ ገበያ አድርጌ ተመለስኩ። እቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ስከፍተው ቅባቱ ግማሹ ክዳኑ ላይ ተለጥፏል፤ ሌላው በክዳኑ ዙሪያ ወጥቶ ቦርሳውን አርሶታል። መታወቂያዬ ሳይቀር በዘይት ተነክሯል።

ጠጣር ቅባት የምለው ሰምና ቅባት ቀልጦ፣ ተደባልቆ፣ በቅርጽ ረግቶ እንደ ሳሙና በእጅ የሚያዘውን ነው። ውሃ የለውም። ቆዳ ላይ ስታሹት በሰውነት ሙቀት እየለዘበ ይቀባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ ሰርቻለሁ፤ ሰፈር ውስጥም ብዙ ሰው ጀምሯል። ታዲያ የሚጠይቁኝም የሚነግሩኝም ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

«አንድ እጅ ሰም፣ አንድ እጅ ሺያ፣ አንድ እጅ ዘይት፤ በቃ»

ኢንተርኔት ላይ በብዛት የምታገኙት ልኬት ይሄ ነው። (ሺያ ከሺያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ፣ እንደ ቅቤ የረጋ ቅባት ነው።) ልኬቱ ውሸት አይደለም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል።

አንደኛው «እጅ» የተባለውን በማንኪያ መስፈራችን ነው። ሰም ተፈቅፍቆ በማንኪያ ሲሰፈር በፍቅፋቂው መሀል ብዙ አየር አለ። ዘይት ግን ማንኪያውን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚሞላው። እና እኩል ለእኩል አደረግኩ ስትሉ ሰሙ ከዘይቱ በጣም ያነሰ ይሆናል። የእኔን ያቀለጠው አንዱ ይሄ ነው፤ በሾርባ ማንኪያ ነበር የሰፈርኩት። በግራም መዝኑ። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌላችሁ ሰፈር ያለ ባለሱቅ ይመዝንላችኋል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ልኬቱን የሚጽፉት ሰዎች ብዙዎቹ ቀዝቃዛ አገር ነው የሚኖሩት። የኮኮናት ዘይት የሚቀልጠው 24 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ እነሱ ቤት ነጭ ሆኖ ረግቶ ይኖራል፤ እንደ ጠጣር ይቆጥሩታል። ድሬ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ መስሎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ለእኛ ኮኮናት ያው ፈሳሽ ዘይት ነው። ሺያና የካካዎ ቅቤ ደግሞ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይለቃሉ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀን 35 ዲግሪ እዚህ ብርቅ አይደለም። 62 ዲግሪ ድረስ ሳይቀልጥ የሚቆየው የንብ ሰም ብቻ ነው። ቅባቱን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው እሱ ነው።

እኔ አሁን ለድሬ ከ100 ግራም ውስጥ 40 ግራም ሰም፣ 35 ግራም ሺያ፣ 25 ግራም የሰሊጥ ዘይት ነው የማደርገው። ይሄንኑ ሐረር ላለችው እህቴ ላክሁላት። ሐረር ከእኛ 55 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ግን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ነው የምትደርሱት። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ሕዳር ነበር፣ ማታ ደወለችልኝ። «አቦ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የላክሽልኝ? ፋቀኝ እኮ!» አለች። እውነቷን ነው። ሰሙን ወደ 28 ግራም አውርጄ፣ የቀነስኩትን በዘይት ተክቼ ድጋሚ ስልክላት ወደደችው። አንድ እናት የወለደችን ሁለት እህትማማቾች፣ መንገዱ ሁለት ሰዓት የማይሞላ፣ ልኬታችን ግን የተለያየ ነው።

ወደ ቅርጹ ከማፍሰሳችሁ በፊት የብረት ማንኪያ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ከቀለጠው ጠብ አድርጉበት። ወዲያው አትፍረዱ፣ ብርዱ ያታልላችኋል። ማንኪያው ወደ ቤቱ ሙቀት ሲመለስ በጣት ግፉት። ከተንሸራተተ ሰም ጨምሩ፣ ጣታችሁ ላይ ምንም ካልተወ ዘይት ጨምሩ።

«ሰም ያው ሰም ነው»

አይደለም። ሱቅ የሚሸጠው ነጭ ሻማ በአብዛኛው ፓራፊን ነው፤ ከነዳጅ የሚወጣ። የሚሸጥ ጧፍም ሁልጊዜ ንጹህ የንብ ሰም አይደለም። ቀለምና ሽታ የተጨመረበትን ሻማ ደግሞ ጭራሽ ቆዳችሁ ላይ አታድርጉ።

ኢትዮጵያ በማር ከአፍሪካ አንደኛ ናት፣ በሰምም ከዓለም ከፊተኞቹ ተርታ። እኛ ግን ሰም በትንንሽ ፓኬት ከውጭ የመጣ እንፈልጋለን! ጠጅ የሚጥል ሰው ጠይቁ። ከጠጁ ላይ የሚወጣው ሰፈፍ አብዛኛው ሰም ነው፤ ቆሻሻውን ማውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ሰፈፉን በብዙ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ በቀስታ አሙቁት። ውሃው መንተክተክ የለበትም፣ ሰሙ እስኪቀልጥ ብቻ። በሻሽ ወይም ባረጀ ነጠላ ቁራጭ ወደ ሌላ ዕቃ አጥልሉት፤ ጨርቁን በሁለት እንጨት ይዛችሁ ጨምቁት፣ እጅ ያቃጥላል። ከዚያ ሳትነኩት አሳድሩት። ጠዋት ላይ ሰሙ ከውሃው በላይ እንደ ቂጣ ክብ ሆኖ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ገልብጡት። ከስሩ ቡናማ ዝቃጭ ተለጥፎበታል፣ እሱን በቢላ ፋቁት። የጠጁ ሽታ እስኪለቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በአዲስ ውሃ ድገሙት። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቢጫ ነገር ማር ማር ይሸታል፣ ሲሰበር ስብራቱ እንደ ጨው ሸካራ ነው፣ በእጅ ይዛችሁ ስታሞቁት ይለዝባል። ቅባት ቅባት የሚልና እጅ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ሞራ ወይም ፓራፊን ተቀላቅሎበታል ማለት ነው። እንግዲህ ይሄ ከሰፈፍ ስትጀምሩ ነው፣ ሰሙንም በደንብ አድርቁት፤ የተጣራ ሰም ከገዛችሁ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም።

«ሰም ከገባ ማርም ይግባበት»

ከአንድ ቀፎ ስለወጡ አብረው የሚሄዱ ይመስላል። ማር ግን የሚሟሟው በውሃ ነው፣ በዘይት አይደለም። የቀለጠ ሰም ውስጥ ስትጨምሩት ወርዶ ከታች ይተኛል። ሲረጋ ከስሩ የሚያጣብቅ ቦታ ይኖረዋል፣ ጉንዳንም ይጠራል። ማር መቀባት ከፈለጋችሁ ለብቻው ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ታጠቡት።

«ለደረቀ ቆዳ ውሃ ይሰጣል»

በውስጡ ጠብታ ውሃ የሌለው ነገር ውሃ ሊሰጥ አይችልም። ሥራው ያለውን ውሃ እንዳይተን መያዝ ነው። ስለዚህ በደረቀና አመድ በመሰለ እግር ላይ ብትቀቡት ድርቀቱን ሸፈናችሁት ማለት ነው፤ ያብረቀርቃል እንጂ ብዙም አይረዳም። ከሻወር ወጥታችሁ፣ በፎጣ ጫን ጫን ብቻ አድርጋችሁ፣ ቆዳችሁ ገና እርጥብ እያለ ቀቡት። ልዩነቱን በሦስት ቀን ታዩታላችሁ፣ በተለይ ተረከዝና ክርን ላይ። «አልሰራልኝም» የሚሉኝን ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቃቸው መቼ እንደሚቀቡት ነው።

«የተፈጥሮ ስለሆነ አይበላሽም»

ይሄኛው ያሳስበኛል። ውሃ ስለሌለው ባክቴሪያና ሻጋታ በቀላሉ አይበቅልበትም፣ ይሄ እውነት ነው። ያንን ደህንነት ግን ራሳችን እናፈርሰዋለን። አንዷ የጽጌረዳ ውሃ ትጨምርበታለች፣ ሌላዋ ከግቢዋ የቆረጠችውን እሬት ልጣ ታደርግበታለች። ውሃና ሰም በራሳቸው አይዋሀዱም። ውሃው በመሀል በመሀል ኪስ ሰርቶ ይቀመጣል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ሻጋታው በዓይን ሳይታይም ሊኖር ይችላል። እሬት ከወደዳችሁ እንደቆረጣችሁት ተቀቡትና ከላይ ቅባቱን አድርጉ።

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ፣ አይሻግትም» የሚሉም አሉ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ከአየር ጋር ተገናኝቶ እንዳይከረፋ ያዘገያል። ተህዋስ አይገድልም። ሁለቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው።

ከመከርፋት አንጻር የዘይቱ ዓይነት ትልቅ ለውጥ አለው። የኑግ ዘይት ለቆዳ ደስ ይላል፣ ግን ቶሎ ያረጃል። ሰሊጥ በተፈጥሮው ከመከርፋት የሚከላከል ነገር ስላለው ይቆያል፤ እኔ እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው። የሰራችሁበትን ቀን ቆርቆሮው ላይ ጻፉ፣ ከፀሐይ አርቁ፣ በእርጥብ እጅ አትያዙት። የቆየ የመጥበሻ ዘይት መሽተት ሲጀምር ጣሉት፣ አትሳሱ።

«ሺያ ውድ ነው፣ ለጋ ቅቤ ይተካዋል»

ሐሳቡ ይገባኛል። እናቶቻችን ፀጉራችንን በምን አሳደጉት? ግን ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃም የወተት ዝቃጭም አለ። ፀጉር ላይ ተደርጎ በማግስቱ ይታጠባል፤ ቅባታችሁ ግን ወራት ሊቀመጥ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ በዚህ ሙቀት ምን እንደሚሸት አስቡት። ማንጠር ውሃውን ያወጣዋል፣ ሽታው ግን አብሮ ይኖራል። ሺያ ካጣችሁ የካካዎ ቅቤ ተጠቀሙ፣ እሱም ከሌለ ሰምና ዘይት ብቻ በቂ ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ ግን ቆርቆሮ ውስጥ አድርጉት እንጂ በእጅ የሚያዝ አይሆንም። ሺያ እኮ የእኛም ዛፍ ነው፣ ጋምቤላ ይበቅላል። ድሬ ላይ በርካሽ የምናገኝበት ቀን ቢመጣ ደስታዬ ነው።

በነገራችን ላይ ሺያ የገባበት ቅባት አሸዋ አሸዋ ካለ አልተበላሸም። በዝግታ ሲበርድ የሚፈጥረው ፍሬ ነው። ድጋሚ አቅልጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ እንዲረጋ አድርጉት።

«ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ቆዳ ያጠራል»

እባካችሁ ተዉት። የሎሚ ጭማቂም ሆነ ከልጣጩ የተጨመቀው ዘይት ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ያውም የድሬ ፀሐይ! መጀመሪያ ይቀላል፣ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ለማጥራት ብላችሁ ታጠቁሩታላችሁ። ሌላውም ሽታ ያለው የዕፅዋት ዘይት ቢሆን ከ100 ግራም ላይ 1 ግራም ይበቃዋል። አዲስ የሰራችሁትን ሁሉ መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ላይ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ንጹህ የንብ ሰም እንኳ የማይስማማው ሰው አለ።

«ሺያና ኮኮናት ከፀሐይ ይከላከላሉ»

የሚታመን መከላከያ የላቸውም። ዣንጥላ፣ ሻሽ፣ ጥላ ጥላውን መሄድ፣ አቅም ካለ የፀሐይ መከላከያ ክሬም።

«ሰም ቆዳን ያፍናል፣ ቫዝሊን ደግሞ መርዝ ነው»

ቆዳ እንደ ሳንባ አይተነፍስም፤ ላባችሁም ከስሩ ይወጣል። ብጉር ያለበት ፊት ላይ ሊያስቸግሩ የሚችሉት የኮኮናት ዘይትና የካካዎ ቅቤ ናቸው፣ ከሰሙ ይልቅ። የተጣራ ቫዝሊንም መርዝ አይደለም፤ ውሃ እንዳይተን በመያዝ የሚወዳደረው የለም፣ አለርጂም እምብዛም አያስነሳም። እኔ የራሴን የምሰራው ቫዝሊንን ፈርቼ አይደለም። በሙቀት የማያጣብቅ ስለምፈልግና ሰሙ ሲሸተኝ ደስ ስለሚለኝ ነው።

«የተፈጥሮ ነው፣ ለሕጻንም ይሆናል»

ቀስ በሉ። በተለይ የወይራ ዘይት ለጨቅላ ቆዳ ለስላሳ ይመስላል እንጂ የቆዳውን መከላከያ ሊያሳሳ ይችላል። እትብቱ ላይ ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ምንም ቅባት አይደረግም፣ ቅቤም ቢሆን። ችፌ ያለበት ልጅ ካላችሁ የእኔን ልኬት ሳይሆን ሐኪሙን ስሙ።

«ቀጥታ እሳት ላይ ቶሎ ይቀልጣል»

ቶሎ ይቀጣጠላልም። ሰም 62 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ሙቅ ውሃ ይበቃዋል። ትልቅ ድስት ውስጥ ውሃ አድርጉ፣ ትንሹን ድስት በላዩ፤ መጀመሪያ ሰሙን፣ ሲቀልጥ ዘይቱን፣ ከእሳት አውርዳችሁ ሺያውን። ጥላችሁት አትሂዱ፣ ስልክ ቢጠራም። እሳት ከያዘ ውሃ እንዳትደፉበት፣ ይረጫል፤ እሳቱን አጥፍታችሁ በክዳን ክደኑት። የቀረውን ደግሞ መታጠቢያ ውስጥ አታፍስሱ፣ ቧንቧው ውስጥ ረግቶ ይደፍነዋል። ድስቱ ገና ትኩስ እያለ በሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱን እኔ አልጥልም፣ በፌስታል አጠራቅመዋለሁ። ለቡና ከሰል ሳቀጣጥል አንዷን ከስር ማድረግ ይበቃል።