ማይክ ኮፍማን እና «ኤችአር 128»፦ በተለምዶ የሚባለውና መዝገቡ የሚለው

ማይክ ኮፍማን ከጥር 2009 እስከ ጥር 2019 የኮሎራዶን 6ኛ የምርጫ ክልል ወክለው በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ያገለገሉ ሪፐብሊካን ናቸው (ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኦሮራ የምርጫ ክልላቸው ዋና ከተማ ስለነበረች፣ ስማቸው በእኛ ዘንድ ከአንድ ቁጥር ጋር ተያይዞ ቀርቷል፤ ስለ ኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ሁኔታ በ2018 ምክር ቤቱ ካጸደቀው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር፣ ከ128። በዚያ ቁጥርና በሰውየው ዙሪያ የሚባለው ግማሹ ትክክል አይደለም። የሚባሉትን ከታች በጥቅስ አስቀምጠን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር እናያለን።

«ኤችአር 128 የአሜሪካ ሕግ ሆኗል»

አልሆነም፤ ስያሜውም ራሱ ስህተት ነው። ትክክለኛው መለያ ኤች ሬስ 128 ነው። «ኤችአር» የሚባለው ረቂቅ ሕግ ነው፤ ሁለቱንም ምክር ቤቶች አልፎ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። «ኤች ሬስ» ግን የአንዱ ምክር ቤት አቋም የሚገለጽበት የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሴኔትም ዋይት ሀውስም አይደርስም፤ ማንንም አያስገድድም። ሰነዱ በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ጥሰት በፈጸሙ ሰዎች ላይ በማግኒትስኪ ሕግ (የመብት ጥሰት ፈጻሚዎችን ለመቅጣት በሚያስችለው የአሜሪካ ሕግ) መሠረት ማዕቀብ እንዲጣል ይጠይቃል። መጠየቅ ነው እንጂ ማዘዝ አይደለም።

ግራ መጋባቱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። የኒው ጀርሲው ተወካይ ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ያቀረቡት ኤችአር 2003 እውነተኛ ረቂቅ ሕግ ነበር። በጥቅምት 2007 የተወካዮች ምክር ቤትን አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። በ2022 ስለ ኢትዮጵያ የቀረበው ኤችአር 6600ም እንዲሁ ረቂቅ ሕግ ነበር፣ እሱም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ «ኤችአር» የሚለው ቃል በአፋችን ለምዷል፤ ለ128 ግን አይሠራም። በመስከረም 2021 በኢትዮጵያ ጉዳይ የወጣው የማዕቀብ ትእዛዝም ከ128 የመነጨ አይደለም። ፕሬዚዳንቱ በራሳቸው ሥልጣን ያወጡት ነው፤ ቁጥሩም 14046 ነው።

ሌላም ማሳሳቻ አለ። ኮንግረስ በየሁለት ዓመቱ ሲታደስ ቁጥሮቹም ከ1 ይጀምራሉ፣ በጊዜው ያልጸደቀውም ይሞታል። ከ128 በፊት በ2016 ኤች ሬስ 861 ተብሎ የቀረበው ተመሳሳይ የውሳኔ ሐሳብ በዚህ መንገድ ሞቶ ነው በአዲስ ቁጥር የተመለሰው። በኮንግረስ ድረ ገጽ (congress.gov) መዝገቡን ስትፈልጉ መጀመሪያ 115ኛውን ኮንግረስ (2017–2018) ምረጡ፣ ቀጥሎ ዓይነቱን፣ ከዚያ ቁጥሩን። ዓይነቱን ከዘለላችሁ ከኢትዮጵያ ጋር የማይገናኝ ሌላ ረቂቅ ታነብባላችሁ።

«አቅራቢው ኮፍማን ናቸው»

አቅራቢው የኒው ጀርሲው ተወካይ ክሪስ ስሚዝ ናቸው፤ ያቀረቡትም የካቲት 15 ቀን 2017 ነው። ኮፍማን አብረው የፈረሙና ድምፅ እንዲሰጥበት የገፉ ናቸው። ስለዚህ በዚያው ድረ ገጽ በኮፍማን ገጽ ላይ «ስፖንሰር ያደረጉት» የሚለውን ብቻ ብትከፍቱ አታገኙትም፤ «ኮስፖንሰር ያደረጉት» የሚለውን ክፈቱ።

«ኮፍማን ደግፈው ድምፅ ሰጡ፤ እነ እገሌ ተቃወሙ»

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያናድድ ነው፣ ምክንያቱም የስም ዝርዝር ይዞ ይዞራል። ሚያዝያ 10 ቀን 2018 የውሳኔ ሐሳቡ የጸደቀው በቃል ድምፅ ነው። ሰብሳቢው «የምትደግፉ» ሲል የተገኙት «አዎ» ይላሉ፣ «የምትቃወሙ» ሲል «አይ» ይላሉ፤ ውጤቱን በጆሮው ይወስናል። የማንም ስም አይጻፍም፣ የኮፍማንም ጭምር። የቀረበው ደንብን አግዶ በማሳለፍ በሚባለው ሥርዓት ነበር፦ ክርክሩ በ40 ደቂቃ የተገደበ፣ በአዳራሹ ማሻሻያ የማይቀርብበት፣ ለማለፍም ሁለት ሦስተኛ ድጋፍ የሚጠይቅ። ስም በስም እንዲቆጠር ቢጠየቅና ከተገኙት አንድ አምስተኛው ቢደግፈው ኖሮ ዝርዝር ይኖር ነበር። አልተደረገም። ስለዚህ «የተቃወሙት እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ካያችሁ ፈጠራ ነው። በስም የሚታወቁት አብረው የፈረሙት ብቻ ናቸው።

«ኃይለማርያምን ያወረደው 128 ነው»

አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ ያስታወቁት የካቲት 15 ቀን 2018 ነው። ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ሚያዝያ 2 ነው። የውሳኔ ሐሳቡ የጸደቀው ከዚያ ስምንት ቀን ቆይቶ ነው። ከመጽደቁ በፊት የነበረው ግፊት ምን ያህል ሚና ነበረው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ መጽደቁ ግን ከእሱ አስቀድሞ ለሆነ ነገር ምክንያት ሊሆን አይችልም።

«ኮፍማን ከመጀመሪያውም የስደተኛ ወዳጅ ነበሩ»

እዚህ ላይ መዝገባቸው ለሁለት ይከፈላል። በታኅሣሥ 2010 በልጅነታቸው ያለ ሰነድ ለገቡ ወጣቶች መንገድ የሚከፍተው ድሪም አክት የተባለው ረቂቅ ለድምፅ ሲቀርብ (የተወካዮች ምክር ቤትን 216 ለ198 አልፏል፤ ሕግ ግን አልሆነም) ኮፍማን ተቃውመዋል። በ2011 ደግሞ የምርጫ ወረቀት በሌላ ቋንቋም እንዲዘጋጅ የሚያስገድደውን ድንጋጌ የሚሽር ረቂቅ አቅርበዋል። ከዚያ የምርጫ ክልሉ ድንበር እንደገና ተሰመረና ከ2013 ጀምሮ ብዙ ስደተኞች ያሉበት ሆነ። ኮፍማንም ተለወጡ። በ2017 ለእነዚያው ወጣቶች የሦስት ዓመት ከለላ የሚሰጠውን ብሪጅ አክት የተባለ ረቂቅ አቀረቡ። በ2018 ደግሞ አመራሩ ሳይፈልግ የስደተኞች ረቂቆች ለድምፅ እንዲቀርቡ በሚያስገድደው የፊርማ ማሰባሰቢያ ላይ ፈረሙ። 218 ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ 216 ላይ ቆመ። በእኛ አስተያየት የምርጫ ክልሉ መለወጥ ያልነካው ለውጥ ነው ማለት ይከብዳል። ፊርማው በድምፅ መዝገባቸው ውስጥ አይታይም፣ ፊርማ ድምፅ አይደለምና፤ የፈረሙት ስም ግን ለብቻው ለሕዝብ ይወጣል።

«ከፓርቲያቸው አፈንጋጭ ነበሩ»

አንዳንዴ። በግንቦት 2017 የኦባማን የጤና ሕግ ለመተካት የቀረበው ረቂቅ 217 ለ213 ሲያልፍ ከተቃወሙት 20 ሪፐብሊካን አንዱ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ግን ያንኑ ሕግ ለመሻር ደጋግመው ድምፅ ሰጥተዋል። በዚያው ዓመት የግብር ቅነሳውን ደግፈዋል። ስትቆጥሩ የመጨረሻውን ድምፅና የሥነ ሥርዓት ድምፆችን ለዩ። አንድ ረቂቅ እንዴት እንደሚከራከሩበት የሚወስነው ድምፅ በፓርቲ መስመር ስለሚሄድ «ከፓርቲው ጋር የተስማማበት መቶኛ» የሚባለውን ቁጥር ያሳብጠዋል። «ወደ ኮሚቴ ይመለስ» በሚል ሐሳብ ላይ ደግሞ «አዎ» ያለ ሰው ረቂቁን እየደገፈ ሳይሆን እያዘገየው ነው።

«እሳቸው ሲወጡ 128ም አበቃ»

ኮፍማን በኅዳር 2018 በዴሞክራቱ ጄሰን ክሮ ተሸንፈው ከኮንግረስ ወጡ፤ በ2019 የኦሮራ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ያልጸደቁ ረቂቆቻቸው ከ115ኛው ኮንግረስ ጋር ጥር 3 ቀን 2019 ሞተዋል። ኤች ሬስ 128 ግን ሚያዝያ 10 ቀን 2018 የምክር ቤቱን አቋም መዝግቦ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚታደስም የሚሻርም ነገር የለውም።